ከአሃዞች የራሳችንን ተከታታይ ቁጥር እንዴት እንሠራለን? በእርሳስና በደብተር ብቻ

የዓድዋን ዓመት ወረቀት ላይ ጻፉ፦ 1888። አራቱን አሃዞች ከትልቅ ወደ ትንሽ ስትደረድሯቸው 8881 ይሆናል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትደረድሯቸው ደግሞ 1888 ራሱ ይመጣል። ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሱ፤ 6993 ታገኛላችሁ። መልሱንም እንደዚሁ ደርድሩና ቀንሱ።

9963 − 3699 = 6264
6642 − 2466 = 4176
7641 − 1467 = 6174

አሁን 6174ን ደርድሩት። 7641 − 1467፣ መልሱ አሁንም 6174 ነው። ከዚህ ወዲያ የትም አይሄድም።

በሌላ ቁጥር ሞክሩ። ሚሊኒየሙን ያከበርንበትን 2000ን ውሰዱ። 2000 − 0002 = 1998። ከዚያ 8082፣ ቀጥሎ 8532፣ ከዚያ 6174። አራቱም አሃዞቹ አንድ ዓይነት ካልሆኑ በቀር (እንደ 5555) የትኛውም ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ቢበዛ ሰባት ጊዜ ተቀንሶ እዚሁ ይደርሳል። ሰባቱንም ጊዜ የሚያስኬድ ከፈለጋችሁ በ9831 ጀምሩ።

ይህን ያገኙት ዲ. አር. ካፕሬካር የሚባሉ ህንዳዊ ናቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1949 ነበር። በማሃራሽትራ ግዛት፣ ዴቭላሊ በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልነበራቸውም። እኔም ደሴ ውስጥ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሐሙስ ከሰዓት የሒሳብ ክበብ አለን። የእኚህን ሰው ስም እዚያ ደጋግሜ የማነሳው ልጆቹ አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ ነው። መደመርና መቀነስ የሚችል ሰው አዲስ ነገር ሊያገኝ ይችላል። ያገኘውንም ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የራሳችሁን ተከታታይ፣ ማለትም በአንድ ደንብ እየተከታተሉ የሚመጡ ቁጥሮችን፣ እንዴት እንደምትሠሩ የሚያሳይ ነው። ለልጆቻችሁ፣ ለተማሪዎቻችሁ ወይም ለራሳችሁ ሞክሩት። እርሳስ፣ ላጲስና ደብተር ይበቃል። ስልካችሁን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። የአሃዞች ጠባይ የሚገባን በእጃችን ስንሠራው ነው።

መጀመሪያ ደንቡን ጻፉ

ደንብ ማለት የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጎንደር ሌላው ሐዋሳ ሆነው፣ ሳይጠያየቁ አንድ ዓይነት መልስ የሚያገኙበት ዓረፍተ ነገር ነው። «የሚያምሩ ቁጥሮች» ደንብ አይደለም። «አሃዞቹ ከግራ ወደ ቀኝ እየጨመሩ የሚሄዱ ቁጥሮች» ደንብ ነው፣ ግን ገና አላለቀም። 155 ይገባል ወይስ አይገባም? እኩል ሲሆኑስ? ይህን ሳትወስኑ መቁጠር አትጀምሩ።

ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ዜሮ ነው። 2111ን በካፕሬካር መንገድ ስሩት። 2111 − 1112 ስትሉ 999 ይመጣል። አሁን ይህ ባለ ሦስት አሃዝ ነው ወይስ 0999? 999 ካላችሁ 999 − 999 ዜሮ ይሆንና ነገሩ ያልቃል። 0999 ካላችሁ ግን 9990 − 0999 = 8991፣ ከዚያ 8082፣ ከዚያ 8532፣ ከዚያ 6174። ስለዚህ ደንቡ ላይ «ሁልጊዜ አራት ቤት ይሙላ፤ ከጎደለ ከፊት ዜሮ ይግባ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ይህችን አንዲት መስመር ደብተራችሁ ላይ አስምሩባት።

የመቀነስ ስሕተትን መያዣ መንገድም አለ። በዚህ ደንብ የሚመጣ መልስ ሁሉ የ9 ብዜት ነው። አሃዞቹን ደምሩ። 6 + 9 + 9 + 3 = 27። 4 + 1 + 7 + 6 = 18። ድምሩ ለ9 ያለ ቀሪ ካልተካፈለ መበደር ላይ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። ተመልሳችሁ እዩት።

«ቲቸር፣ ሁሌም 6174 ነው እንዴ?»

ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ ክበቡ ተሳክቷል ማለት ነው። መልሱን ከኔ እንዲሰሙ አልፈልግም። ከፊታቸው ወረቀት አለ።

የተደረደሩትን አሃዞች ከትልቁ ጀምሮ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። ትልቁ ቁጥር 1000ሀ + 100ለ + 10ሐ + መ ነው። የተገለበጠው ደግሞ 1000መ + 100ሐ + 10ለ + ሀ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ላይ ስንቀንስ የሚተርፈው ይህ ነው፦

999 × (ሀ − መ) + 90 × (ለ − ሐ)

ቀስ ብላችሁ እዩት። አራት አሃዝ ይዘን ገባን፣ መልሱን የሚወስኑት ግን ሁለት ልዩነቶች ብቻ ናቸው። አንዱ የዳሮቹ ልዩነት ነው፣ ሌላው የመሃሎቹ። 999ም 90ም የ9 ብዜት ስለሆኑ መልሱ ለምን የ9 ብዜት እንደሚሆንም እግረ መንገዳችንን አወቅን።

የዳሮቹ ልዩነት ከ1 እስከ 9 ነው። የመሃሎቹ ልዩነት ከዜሮ ይጀምራል፣ ከዳሮቹ ግን ሊበልጥ አይችልም። የዳሮቹ 1 ሲሆን ሁለት ምርጫ አለን፣ 2 ሲሆን ሦስት፣ እንዲህ እያለ 9 ሲሆን አስር። 2 + 3 + 4 + … + 10 = 54። ባለ አራት አሃዝ የሆኑትና አሃዞቻቸው አንድ ዓይነት ያልሆኑት ቁጥሮች 8,991 ናቸው። አንዴ ብቻ ስንቀንስ ሁሉም 54 መልሶች ውስጥ ይገባሉ!

ስለዚህ 54 ረድፍ መሥራት ለ8,991 ቁጥር ማረጋገጫ ይሆናል። እኛ ክበብ ውስጥ ለዘጠኝ ልጆች እናከፋፍለዋለን። እያንዳንዱ አንድ የዳር ልዩነት ይወስዳል። 9 የደረሰው አስር ረድፍ ይሠራል፣ 1 የደረሰው ሁለት። ከዚያ ሰሌዳው ላይ መልሶቹን በቀስት እናያይዛቸዋለን። ቀስቶቹ ሁሉ ዞረው ዞረው 6174 ላይ ሲገናኙ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል። በዚህ ሥራ ክፍል ውስጥ ዝም የሚሉት ልጆች ሲደምቁ አይቻለሁ። ፍጥነት አይጠይቅም፣ ጥንቃቄ ነው የሚጠይቀው።

ባለ ሦስት አሃዝ ሲሆን ማረፊያው 495 ነው። ባለ ሁለት ሲሆን ማረፊያ የለም፤ 9፣ 81፣ 63፣ 27፣ 45 እያለ ተመልሶ 9 ላይ ይመጣል። ይህም ጥሩ መልስ ነው። አንድ ደንብ የሚያደርሰን ወይ አንድ ቦታ ላይ መቆም፣ ወይ መዞር፣ ወይ ያለማቋረጥ ማደግ ነው። ደንብ በሠራችሁ ቁጥር ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

መዞርን በደንብ የሚያሳይ ሌላ ደንብ ልንገራችሁ። እያንዳንዱን አሃዝ በራሱ አባዙና ደምሩ። ከ7 ስትነሱ 49፣ 97፣ 130፣ 10፣ 1። እዚያ ይቆማል። ከ4 ስትነሱ ግን 16፣ 37፣ 58፣ 89፣ 145፣ 42፣ 20፣ ተመልሶ 4። 1 ላይ የሚደርሱት «ደስተኛ ቁጥሮች» ይባላሉ፦ 1፣ 7፣ 10፣ 13፣ 19፣ 23፣ 28፣ 31፣ 32፣ 44፣ 49… ድካም የሚቀንስ ነገር ልብ በሉ። 13 ደስተኛ ከሆነ 31ም ነው፣ የአሃዞቹ ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣምና። 7 ከሆነ 70ም 700ም ነው። ሁሉንም ለማረጋገጥ እስከ 243 መሥራት ይበቃል። ባለ ሦስት አሃዝ ትልቁ መልስ 81 + 81 + 81 = 243 ነው፣ ከዚያ የሚበልጡትም እየወረዱ ከ243 በታች ይገባሉ።

ጥያቄውን ገልብጡት

ደንብ ይዛችሁ «ወዴት ይሄዳል?» ካላችሁ በኋላ «ከየት ሊመጣ ይችላል?» በሉ። እኔ ከዚህ የበለጠ የምወደው ዘዴ የለም። ይህንንም ከካፕሬካር ነው የተማርኩት።

ደንቡ ቀላል ነው። ቁጥሩ ላይ የአሃዞቹን ድምር ጨምሩ። 21 ላይ 2 እና 1 ሲጨመር 24። 24 ላይ 6 ሲጨመር 30። ከዚያ 33፣ 39፣ 51፣ 57፣ 69፣ 84፣ 96፣ 111። ይህ ዝም ብሎ ያድጋል። አሁን ገልብጡት። 24ን የወለደው 21 ነው። ወላጅ የሌለው ቁጥር አለ? ከምንም ቁጥር ተነስተን የማንደርስበት?

ደብተራችሁ ላይ በአስር በአስር ሥሩት። ከ0 እስከ 9 ያሉት 0፣ 2፣ 4 እያሉ እስከ 18 ይወልዳሉ፣ ሁሉም ተጋማሽ። ከ10 እስከ 19 ያሉት 11፣ 13 እያሉ እስከ 29፣ ሁሉም ጎዶሎ። ሃያዎቹ ከ22 እስከ 40 ተጋማሽ። ሠላሳዎቹ ከ33 እስከ 51 ጎዶሎ። ተጋማሾቹ ከ18 ወደ 22 ዘለሉ፤ 20 ወላጅ አጣ። ጎዶሎዎቹ ከ29 ወደ 33 ዘለሉ፤ 31 ወላጅ አጣ። መጀመሪያ ላይም ጎዶሎዎቹ የጀመሩት ከ11 ስለሆነ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እና 9 ቀርተዋል። እንግዲህ ዝርዝሩ ይህ ነው፦

1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 20፣ 31፣ 42፣ 53፣ 64፣ 75፣ 86፣ 97፣ 108…

ከ9 በኋላ በ11 በ11 ይጨምራል። ቀጥሎስ? ክፍል ውስጥ ሁሉም «119!» ይላል። አይደለም። 119ን 109 ወልዶታል፤ 109 + 10 = 119። የሚቀጥለው 110 ነው። ምክንያቱን በዚያው ሠንጠረዥ ታዩታላችሁ። ሰማንያዎቹ ተጋማሽ ይወልዳሉ፣ እስከ 106። ዘጠናዎቹ ጎዶሎ ይወልዳሉ። ተራው የተጋማሽ ነበር፤ ግን ከ100 እስከ 109 ያሉትም ጎዶሎ ወለዱ። ከ99 ወደ 100 ስንሻገር የአሃዝ ድምሩ ከ18 ወደ 1 ስለወረደ ተራው ተዛባ። ተጋማሽ የሚመለሰው ከ112 ነው። ስለዚህ 108ም 110ም መሃል ላይ ቀሩ።

እባካችሁ ይህን ለልጆች ሳታሳዩ አትለፉ። ለረጅም ጊዜ የታየ ንድፍ መቶ ሲሻገር ይፈርሳል። የእናንተንም ተከታታይ ቢያንስ ከ100 ካላሻገራችሁት «ደንቡን አገኘሁ» አትበሉ።

መቀነስም መደመርም ለሰለቸው ደግሞ ንባብ አለ። 1 ጻፉ። ያያችሁትን ተናገሩ፦ አንድ «1»፤ ስለዚህ 11። አሁን ሁለት «1» አለ፤ 21። ቀጥሎ 1211፣ 111221፣ 312211። ጆን ኮንዌይ የሚባሉት እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ይህን በደንብ አጥንተውታል። የቁጥሩ ርዝመት እየቆየ ሲሄድ በየእርምጃው በአማካይ ወደ 30 በመቶ ያድጋል፤ 4 የሚባል አሃዝ ግን በጭራሽ አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱበት።

ሌላው ቁጥርን ገልብጦ መደመር ነው። 57 + 75 = 132፣ 132 + 231 = 363፣ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሆነ። 89 እዚህ ለመድረስ 24 ጊዜ ይደመራል፣ መጨረሻው 8813200023188 ነው። 196ን ግን በኮምፒውተር እስከ ቢሊየን አሃዝ አድርሰውት አልተገኘለትም። ፈጽሞ እንደማይገኝለትም ያረጋገጠ የለም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ የሚገባው፣ መልሱ ግን ዓለም ላይ የሌለ ነገር ማየት ትልቅ ነገር ነው።

የሠራችሁትን አስፈትሹ

ሰው ቀድሞ አግኝቶት እንደሆነ ማወቅ ስትፈልጉ አሁን ስልኩን አንሱ። የሙሉ ቁጥር ተከታታዮች ኦንላይን ኢንሳይክሎፒዲያ የሚባል አለ፣ በአጭሩ ኦኢአይኤስ። ኒል ስሎን የሚባሉ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 በተማሪነታቸው ማሰባሰብ ጀመሩት፤ ከ1996 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ነው። ዛሬ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ተከታታይ አለው። ነፃ ነው።

አፈላለጉ ዘዴ አለው። 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ብላችሁ ብትጠይቁ ጎዶሎ ቁጥሮችን ይሰጣችኋል። የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ቁጥሮች ብዙ ተከታታይ ውስጥ ስለሚገኙ ዝለሏቸው። 9፣ 20፣ 31፣ 42 ብላችሁም አትመኑ፤ በ11 የሚጨምር ሁሉ ይመጣል። 86፣ 97፣ 108፣ 110፣ 121 በሉ። ንድፉ የሚሰበርበትን ቦታ አስገቡ፤ የእናንተን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው።

ከተገኘ አትዘኑ። ራሳችሁ ደርሳችሁበታል፣ አሁን ደግሞ ሌሎች ምን እንዳሉበት ታነባላችሁ። እዚያ ስታነቡ ብዙዎቹ የአሃዝ ተከታታዮች ላይ «ቤዝ» የሚል ምልክት ታያላችሁ። ነገሩ የሚሠራው ቁጥሩ በአስር ቤት ስለተጻፈ ነው፣ አጻጻፉ ቢለወጥ ተከታታዩ ይለወጣል ማለት ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን አጻጻፍ አለን።

በግዕዝ ቁጥር ሞክሩት

በግድግዳ ካላንደር ላይ የምናየውን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች ላይ የምናውቀውን ማለቴ ነው። ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ዜሮ የለም። ባዶ ቤት አይጻፍም። መቶ ሲሆን ከፊቱ ፩ አይገባም፤ ፻ ብቻ። 202 ማለት ፪፻፪ ነው፣ 2017 ማለት ፳፻፲፯።

አንድ ደንብ እንውሰድ፦ ከግራም ከቀኝም ሲነበብ ምልክቶቹ አንድ ዓይነት የሆነ ቁጥር። በተለመደው አጻጻፍ 101 ከሁለቱም ወገን አንድ ነው። በግዕዝ ግን ፻፩ ነው፤ ሲገለበጥ ፩፻ ይሆናል፣ አይገባም። 2020 በተለመደው አጻጻፍ ሲገለበጥ 0202 ነው፤ በግዕዝ ግን ፳፻፳ ነው፣ ከሁለቱም ወገን አንድ! በእኛ አቆጣጠር የ2020 ዓ.ም. ካላንደር ሲወጣ ተማሪዎቼ ይህን እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ከአስር ሺህ በታች ያሉትን ሁሉ መዘርዘር እንችላለን። አንድ ምልክት ብቻ ያላቸው ይገባሉ፦ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ እና ፻፤ 19 ሆኑ። ከዚያ ፻ መሃል ላይ ሆኖ ግራና ቀኙ እኩል የሆኑት፦ ከ፪፻፪ እስከ ፱፻፱ ስምንት፣ ከ፲፻፲ እስከ ፺፻፺ ዘጠኝ። ሌላ የለም። አምስት ምልክት ያለው አይቻልም፣ ከ፻ በስተቀኝ ሁልጊዜ አስሩ ከአንዱ ይቀድማልና አይገለበጥም። በጠቅላላው 36። በተለመደው አጻጻፍ ከአስር ሺህ በታች ያሉት 198 ናቸው። ከ፼ በላይ ስትሻገሩ ነገሩ ይሰፋል። 2,000,102ን በግዕዝ ጻፉት፤ ፪፻፼፻፪ ይሆናል።

ሁለተኛ ደንብ፦ አንድ ምልክት፣ ሁለት ምልክት፣ ሦስት ምልክት የሚፈልገው ትንሹ ቁጥር ስንት ነው? አንድ ምልክት 1 ነው። ሁለት 11፣ ፲፩። ሦስት 111፣ ፻፲፩። አራትስ? 1111 የሚል ብዙ ነው። አይደለም፤ 211 ነው፣ ፪፻፲፩። አምስት ላይ ነው 1111 የሚመጣው፣ ፲፩፻፲፩። ስድስት 11111፣ ፼፲፩፻፲፩። ሰባት 21111፣ ፪፼፲፩፻፲፩።

1፣ 11፣ 111፣ 211፣ 1111፣ 11111፣ 21111…

ስምንተኛውን እናንተ ፈልጉት። ከ100,000 በላይ ነው። ስታገኙት ደንቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቁጥሮቹን በአንድ መስመር፣ ለምን ከዚያ ያነሰ እንደማይኖር ደግሞ ከሥሩ ጻፉ። ከዚያ ኦኢአይኤስ ላይ አስገቡና እዩ።